የሀዋሳን ዓሣ ልክ የሚወስነው የሆቴሉ ትዕዛዝ ነው

የሀዋሳ ሐይቅ ዓሣ አነሰ ሲባል ጣት ቶሎ የሚቀሰረው አስጋሪው ላይ ነው። መረቡ ጠባብ ነው፣ ደንብ አያከብርም፣ የነገን አያስብም ይባላል። ከዚህ ውስጥ እውነትነት ያለው አይጠፋም። ይሁን እንጂ አስጋሪው ጠባቡን መረብ የሚጥለው መረቡ የያዘለትን የሚገዛው ስላለ ነው። ገዢው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዓሣውን በሙሉ ቁመናው አይቶት አያውቅም። ሆቴሉ ኩሽና የሚደርሰው ቆዳው ተገፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ፣ ፊሌቶ ሆኖ፣ በፌስታል ታስሮ ነው። ስለ ልኩ ሊመሰክሩ ይችሉ የነበሩት ጭንቅላትና ጅራት አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ ላይ አባ ኮዳ ለሚባለው ትልቅ ወፍ ተጥለው ቀርተዋል። ሐይቁን ለመጠበቅ የተቋቋመ ድርጅት ከጀልባው ይልቅ ከሆቴሎች የግዢ ክፍል ቢጀምር ይሻለዋል የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐይቁ ትልቅ አይደለም። ስፋቱ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታም ከ22 ሜትር ብዙ አይርቅም። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ሲሆን ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። በውስጡ ካሉት ስድስት የዓሣ ዝርያዎች ለገበያ የሚውሉት ሦስቱ ናቸው፤ ቆሮሶ፣ ማለትም ቲላፒያ፣ አምባዛ እና ቢልጫ። ከሦስቱ ገበያውን የተሸከመው ቆሮሶ ስለሆነ የሀዋሳ ዓሣ ተመናመነ ሲባል በተግባር ቆሮሶ ተመናመነ ማለት ነው።

የቆሮሶ አረባብ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ጫና የሚመች አይደለም። አምባዛ በአንድ ጊዜ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዕንቁላል ጥላ ትሄዳለች። ቆሮሶ የምትጥለው እንደ ሰውነቷ መጠን ከጥቂት መቶ ጀምሮ ከሺህ ትንሽ እስከሚያልፍ ድረስ ብቻ ነው። ያንኑ ጥቂት ዕንቁላል ወንዱ ሲያዳብረው በአፏ ትሰበስበዋለች፤ እስኪፈለፈል፣ ጫጩቶቹም ራሳቸውን ችለው መዋኘት እስኪጀምሩ አፏ ውስጥ ይዛ ትቆያለች። በእነዚህ ቀናት እምብዛም አትበላም። መረብ ሲይዛት የያዘችውን ትተፋለች፤ የተተፋው ዕንቁላልም ሆነ ገና ያልጠነከረ ጫጩት ለሌላ ዓሣ ምግብ ይሆናል። አንዲት እናት በዚህ ሰዓት ስትያዝ የሚጠፋው እሷ ብቻ ሳትሆን የዚያ ዙር ልጆቿ በሙሉ ናቸው።

ጾሙና የርቢው ወራት

ሀዋሳ ላይ ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ብትራባም ርቢው የሚበረታባቸው ሁለት ወቅቶች አሉ። ዋነኛው ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ነው። ሁለተኛው ክረምቱን ይዞ ከሐምሌ እስከ መስከረም ይዘልቃል። አሁን የጾሙን ቀን መቁጠሪያ ከዚህ ጋር አስተያዩት። 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም ብዙውን ጊዜ በየካቲት ይገባል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው የሃይማኖት አባቶች ጉዳይ ነው፤ ገበያው ላይ የሚታየው ግን ሥጋ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ዓሣ ቤቱ መሞቁ ነው። በዚህ የተነሳ ሐይቁ ላይ ጫናው የሚከብደው ልክ እናቶቹ ዕንቁላል በአፋቸው ይዘው ወደ ዳር፣ ጥልቀት ወደሌለው ውሃ በሚጠጉበት ሰሞን ነው። ከዳር የሚጎተት መረብ ደግሞ የሚያፍሰው ይህንኑ ዳር ነው። ሰው የአየር ጠባይን ወይም የውሃ ብክለትን ሲያነሳ ይህ ግጥጥሞሽ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ እኛ ግን ከሁሉ በላይ ሊታረም የሚችለው እሱ ነው ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱም የግዢ ቀንን ማዛወር የሰውን ጾም መንካትም፣ አስጋሪውን ከሥራ ማውጣትም አይጠይቅም።

ዘዴው አስቀድሞ መግዛት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ርቢው ቀለል ይላል። አንድ ሆቴል በዐቢይ ጾም ከሚፈልገው ዓሣ ቢያንስ ግማሹን በእነዚህ ወራት ገዝቶ ቢያቀዘቅዝ በየካቲትና በመጋቢት ከሐይቁ የሚጠብቀው ግማሹን ብቻ ይሆናል። የቀዘቀዘ ዓሣ አይጣፍጥም የሚለው ቅሬታ የመጣው በአብዛኛው ዓሣው ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ውሎ፣ ሳይሸጥ ሲቀር ማታ ወደ ፍሪዘር ስለሚገባ ነው። ፍሪዘር የተበላሸን ዓሣ አያድስም። ጠዋት የወረደው ዓሣ ከቀትር በፊት ተጠርጎ፣ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ አየር በማያስገባ ላስቲክ ተጠቅልሎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ከገባ ጾሙ እስኪፈታ ጥራቱን ይዞ ይቆያል።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው ስህተት በአንድ ቀን ብዙ መጫን ነው። 300 ሊትር የሚይዝ የተለመደ ፍሪዘር በቀን በደንብ ሊያቀዘቅዝ የሚችለው አዲስ ዓሣ ከ10 እስከ 14 ኪሎ ነው። 50 ኪሎ በአንዴ ከታጨቀበት መሐል ያለው ቀስ ብሎ ይበርዳል፤ ቀስ ብሎ ሲበርድ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣቶች ሥጋውን ይቀዱታል፤ በኋላ ሲፈታ ውሃው ይፈስና ፊሌቶው ይንኮታኮታል። ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት፣ ስስ አድርጎ ደርድሮ፣ ከበረደ በኋላ ወደ ጎን አሸጋግሮ መደራረብ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ክዳኑን አለመክፈት ነው፤ በደንብ የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። በየፌስታሉ ላይ የተገዛበትን ቀንና የወረደበትን ቦታ መጻፍ አይዘንጋ።

ከመረብ ዓይን እስከ ፊሌቶ ቁራጭ

በሀዋሳ ሐይቅ ግማሹ ቆሮሶ ለርቢ ደርሶ የሚገኘው ቁመቱ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ሲሆን ነው። ከዚያ በታች የተያዘው አብዛኛው አንድ ጊዜም ሳይራባ የሄደ ነው። የመረብ ዓይን የሚለካው ተወጥሮ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ሲሆን በግርድፉ ስናሰላው አንድ መረብ በብዛት የሚይዘው ቆሮሶ የዓይኑን ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል የሚረዝመውን ነው። ባለ 6 ሳንቲሜትር ዓይን መረብ 15 ሳንቲሜትር አካባቢ ያለውን ይይዛል። ባለ 8 ሳንቲሜትሩ 20 አካባቢ ያለውን፣ ባለ 10 ሳንቲሜትሩ ደግሞ 25 አካባቢ ያለውን ይይዛል። 8 ሳንቲሜትር በቂ ይመስላል፤ ነገር ግን 20 ሳንቲሜትር ላይ ገና ግማሹ ብቻ ስለሆነ የደረሰው፣ አስጋሪው ወደ 10 ሳንቲሜትር እንዲጠጋ የሚያደርግ ገበያ ነው የሚያስፈልገው።

በዚህ ላይ ሞኖፊላመንት የሚባለው ባለ አንድ ክር የናይለን መረብ አለ። ውሃ ውስጥ አይታይም፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይበጠሳል። ሲበጠስ አይጠገንም፤ ይጣላል። ናይለኑ ስለማይበሰብስ የተጣለው መረብ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መያዙንና መግደሉን ይቀጥላል። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለንግድ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል፣ በመርዝና በፈንጂ ማስገርን ይከለክላል፣ ተቆጣጣሪ እንዲኖርም ይደነግጋል። ሆኖም ሌሊት በጨለማ የተጣለን መረብ ዓይን የሚለካ ተቆጣጣሪ በየጀልባው ማሰማራት አይቻልም። ጠዋት በሆቴል በር ላይ የዓሣን ቁመት መለካት ግን ይቻላል። ዓሣው የመረቡን ልክ በራሱ ላይ ይዞ ይመጣል።

ለሆቴሎች የምንመክረው ልክ ይህ ነው። ከ22 ሳንቲሜትር በታች ያለ ቆሮሶ አይገዛ፤ የርክክቡ አማካይ ቁመት ደግሞ ወደ 25 ይጠጋ። 22 ሳንቲሜትር የሆነ ቆሮሶ 200 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ 25 ሳንቲሜትሩ 300 ግራም ገደማ። እያንዳንዱን ለመለካት ጊዜ በማይኖርበት ቀን ቆጠራ ያግዛል። በአንድ ኪሎ ውስጥ ሙሉ ዓሣ ከ5 በላይ ከገባ ልኩ ወርዷል ማለት ነው፤ 10 ከገባ ደግሞ ዓሣዎቹ 17 ሳንቲሜትር አካባቢ ናቸው። ይህ ቆጠራ የሚሠራው ሆድ ዕቃው ላልወጣ ዓሣ ነው። ተጠርጎ የመጣ ከሆነ በትንሹ አንድ አስረኛ ክብደቱን ስላጣ ሻጩ ያለአግባብ ሊወቀስ ይችላል።

አሁን ወደ ፊሌቶው እንመለስ፤ ዋናው ችግር ያለው እዚያ ነው። ቆሮሶ ሲፈለጥ ፊሌቶ ሆኖ የሚወጣው ከጠቅላላ ክብደቱ አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። በሳምንት 50 ኪሎ ፊሌቶ የሚጠቀም ሆቴል ከሐይቁ 150 ኪሎ ሙሉ ዓሣ አስወጥቷል። ዓሣዎቹ 300 ግራም የሚመዝኑ ከሆኑ ይህ 500 ዓሣ ነው። 100 ግራም የሚመዝኑ ከሆኑ 1,500 ነው። ሳህኑ ላይ የሚቀርበው ምግብ አንድ ነው፣ ሒሳቡም አንድ ነው፤ በሁለተኛው ግን ሐይቁ 1,000 ዓሣ በትርፍ ከፍሏል፣ ያውም ገና ያልተራቡትን። የሆቴሉ ግዢ ኃላፊ ይህን የሚያይበት መንገድ የለውም፤ ምክንያቱም ፕሮፎርማው ላይ የተጻፈው «የዓሣ ፊሌቶ፣ 50 ኪሎ» የሚል ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ በሙሉ ዓሣ መግዛትና እዚያው መፈለጥ ነው። ጉልበት ይጠይቃል፤ ቢሆንም ጭንቅላቱና አጥንቱ ለሾርባ ስለሚሆን ከወጪው የተወሰነው ይመለሳል። በሙሉ ዓሣ መግዛት ፈጽሞ የማይመቸው ቤት ቁራጮቹን ይመዝን። 200 ግራም ከሚመዝን ዓሣ የሚወጡት ሁለት ቁራጮች እያንዳንዳቸው 33 ግራም ገደማ ይሆናሉ፣ ከ100 ግራሙ የሚወጡት ደግሞ ቢበዛ 16 ወይም 17 ግራም። ከፌስታሉ ውስጥ 20 ቁራጭ ሳይመረጥ ተቆጥሮ ሲመዘን ከ650 ግራም በታች ከመጣ ዓሣው ከልኩ በታች ነበር። ይህ ፈተና የሚሰናከለው ፊሌቶው ውስጥ አምባዛ ሲቀላቀል ነው። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው በእምነታቸው ምክንያት የማይበሉት ብዙ ሰዎች ስላሉ መቀላቀሉ ሐይቁን ብቻ ሳይሆን ተመጋቢውንም መበደል ነው። የአምባዛ ሥጋ ወደ ቀይ ያደላል፣ ቁራጩም ረዘም ያለ ነው፤ የቆሮሶ ነጣ ብሎ መሐሉ ላይ ቀላ ያለ መስመር አለው። ግማሽ ጎን ላይ ቆዳው ሳይገፈፍ እንዲመጣ ማዘዝ ጥርጣሬውን ይዘጋዋል፤ ቅርፊት የነበረበት ቆዳ አይደበቅም።

ርክክቡ ላይ

የሚያስፈልገው መሣሪያ ቀላል ነው። 40 ሳንቲሜትር የሚሆን ሊታጠብ የሚችል ጣውላ ወይም ላስቲክ፣ በአንድ ጫፉ ላይ የዓሣው አፍ የሚያርፍበት ቀጥ ብሎ የቆመ ድንበር፣ 22 ላይ በቀይ፣ 25 ላይ በአረንጓዴ የተሠመረ። ዓሣው አፉ ተዘግቶ፣ ሳይጣመም ይጋደማል፤ ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ ይነበባል። ከእያንዳንዱ ርክክብ 30 ዓሣ ይበቃል። 30ዎቹ ግን ከላይ አይወሰዱ። ትልልቁን ከላይ ደርድሮ ትንንሹን ከሥር ማድረግ የየትም ገበያ ልማድ ስለሆነ ሳጥኑ ሌላ ሳጥን ውስጥ ይገለበጥና ከመሐሉ ይቆጠር። ጅራቱ የተቆረጠ ዓሣ ከቆጠራው ይውጣ፤ የተቆረጡት ከበዙ ግን ያ ራሱ መልስ ነው።

እዚያው ላይ ትኩስነቱ ይታያል። መረቡ ማታ ተጥሎ ንጋት ላይ ስለሚነሳ፣ በምሽት የተያዘው ዓሣ ሲወርድ ለሰዓታት ውሃ ውስጥ ሞቶ ያደረ ሊሆን ይችላል። ዓይኑ ጎላ ብሎ ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ መሆን አለበት። ስንጥቡ ገርጥቶ ቡናማ ከሆነ፣ ሆዱም ከላላ ያደረ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ከሆነ በረዶና ዓሣ በክብደት እኩል ለእኩል ይሁን፣ 40 ኪሎ ዓሣ ከ40 ኪሎ በረዶ ጋር፤ አንድ ረድፍ በረዶ፣ አንድ ረድፍ ዓሣ፣ ከሥር ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ። ቆሮሶ ወዲያው እንደተያዘ በረዶ ውስጥ ከገባ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ያለ በረዶ ግን የቀኑን ሙቀት አይችልም። የተበላሸ ዓሣ በሌላ ዓሣ ስለሚተካ በረዶን መቆጠብ ሐይቁን ማባከን ነው።

ሼፉም የሚመዘግበው አንድ ነገር አለ። ዓሣው ሲጠረግ ስንቶቹ ሆዳቸው ውስጥ የበሰለ ዕንቁላል አላቸው? ከ30ዎቹ ምን ያህሉ እንደሆኑ በየሳምንቱ መጻፍ በቂ ነው። ለሁለት ዓመት የተያዘ እንዲህ ያለ መዝገብ የትኛው ሳምንት ላይ ግዢ መቀነስ እንዳለበት ከማንኛውም አጠቃላይ ምክር በላይ በትክክል ያሳያል።

ልኩን ያልጠበቀው ዓሣ ምን ይሁን?

ትንሽ ዓሣን በር ላይ መመለስ ትክክለኛ ውሳኔ ይመስላል። ችግሩ ዓሣው ሞቷል፤ ወደ ሐይቁ አይመለስም። የተመለሰው ወደ ሌላ ምግብ ቤት ይሄዳል፣ አስጋሪው ይከስራል፣ በሆቴሉ ላይ ያለው እምነት ይሸረሸራል። ስለዚህ ልኩ ከመረቡ መጣል በፊት መታወቅ አለበት። በመጀመሪያው ወር ምንም ሳይመለስ ይለካ፣ ውጤቱም ለአቅራቢው ይነገር። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ዋጋው በልክ ይለያይ፦ አማካዩ 25 የደረሰ ርክክብ በኪሎ ከገበያው ከ10 እስከ 15 በመቶ ይጨመርበት፣ በ22 እና በ25 መካከል ያለው በገበያው ዋጋ ይገዛ፣ ከ30ዎቹ ከ3 በላይ ከ22 በታች ከሆኑ ዋጋው ይቀነስ። ከአራተኛው ወር በኋላ ብቻ እምቢ ማለት ይጀመር። ሰፊ ዓይን ያለው መረብ ለመግዛት አስጋሪው ገንዘብ ማጠራቀም ስላለበት እነዚህ ወራት የግድ ናቸው።

በአንድ ፍሬ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ይሆናል። ትንሹም ትልቁም አንድ ዋጋ ካወጣ ብዙ ትንንሽ መያዝ ያዋጣል። ግዢው በኪሎ፣ ኪሎውም በልክ ደረጃ ይሁን።

እንዲህ ያሉ ስምምነቶች ብዙውን ጊዜ የሚፈርሱት በዓሣ ሳይሆን በአከፋፈል ነው። ሆቴል በወር ይከፍላል። አስጋሪ የዛሬውን ዓሣ ሸጦ ዛሬ እህል መግዛት አለበት። በመሐሉ ነጋዴው በጥሬ ገንዘብ እየከፈለ፣ ሲቸግር እያበደረ፣ መረብም በዱቤ እየሰጠ ዓሣውን አስቀድሞ የራሱ ያደርገዋል። ሆቴሉ 15 በመቶ ጨምሮ በ30ኛው ቀን ከሚከፍል በገበያው ዋጋ በዕለቱ ቢከፍል አስጋሪው ይመርጠዋል። ቴሌብር ይህን ቀላል አድርጎታል፤ ርክክቡ እንዳለቀ እዚያው በር ላይ መላክ ይቻላል። የሒሳብ ክፍሉ ደረሰኝ ስለሚጠይቅ ግዢው ደረሰኝ መስጠት ከሚችል የአስጋሪዎች ማኅበር ጋር ይደረግ፤ ክፍያው ግን በእያንዳንዱ አባል ስም ተለይቶ ይግባ። ጭማሪው ማኅበሩ ጋ ከቀረ መረቡን የሚቀይር ሰው አይኖርም።

ከውቅያኖስ የመጣው ልምድ

በባሕር ጥበቃ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ገዢውን መያዝ እንደሚያዋጣ የተረዱት ቀድመው ነው። የባሕር ጥበቃ ምክር ቤት የምንለው፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኤምኤስሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ፈንድ እና በዩኒሊቨር አማካይነት ተመሠረተ። በ1999 ደግሞ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም ዓሦችን በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ እየለየ ለገዢዎች ማሳወቅ ጀመረ። ዓሣው በአግባቡ መሰገሩን የሚያረጋግጠው የኤምኤስሲ ሰማያዊ ምልክት ከመሰጠቱ በፊት የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። የዓሣው ክምችት ጤነኛ ነው? አሰጋገሩ ሌላውን ሕይወት ይጎዳል? አስተዳደሩ ይሠራል?

ጥያቄዎቹ ለሀዋሳም በትክክል ይሠራሉ። ምልክቱ ግን አይሠራም። ምዘናው በአስር ሺዎች ዶላር ያስወጣል፣ የብዙ ዓመት መረጃም ይፈልጋል፤ ዓሣውን በታንኳ ለሚያሰግር ማኅበር የሚቀመስ አይደለም። ለሐይቅ ዓሣ ፈጽሞ አልተሰጠም ማለት ግን አይደለም። የስዊድኑ ሔልማረን ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2006 አግኝቶታል፤ ያበቃውም የመረቡን ዓይን ማስፋትና የሚያዘውን ዓሣ ዝቅተኛ ቁመት ከፍ ማድረግ ነው። ከዚያ ልምድ ሀዋሳ የሚያስፈልጋት ወረቀቱ ሳይሆን ቁመቱና መረቡ ነው።

ሰማያዊው ምልክት ሀዋሳ ላይ የሚጠቅምበት ቦታ አለ፤ በቱና ላይ። ሆቴሎች ለሳንድዊችና ለሰላጣ የሚገዙት የቆርቆሮ ቱና ከባሕር የመጣ ስለሆነ ምልክቱ ያለበትን መምረጥ ይቻላል። ዶልፊን የማይጎዳ የሚለው ጽሑፍ ግን ስለ ቱናው ክምችት ምንም አይናገርም፤ ሁለቱ አይምታቱ።

በሌላ ዓሣ መተካት

ጫናውን ከቆሮሶ ላይ ለማንሳት ሌላ ዓሣ እናብዛ የሚል ሐሳብ ይነሳል። አምባዛን ለሚበላው በስሙ ጽፎ ማቅረብ ጥሩ ነው፤ ለሁሉ ሰው ምትክ አድርጎ ማሰብ ግን ከላይ በተነገረው ምክንያት አያስኬድም። ቢልጫ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትልልቁ ቢልጫ ሌሎች ዓሦችን ስለሚበላ ሰውነቱ ውስጥ ሜርኩሪ ይከማቻል፤ በዚህ ሐይቅ ላይ የተደረጉ ጥናቶች በትልልቆቹ ላይ በኪሎ 0.5 ሚሊግራም ከሚለው ዓለም አቀፍ ወሰን ያለፈ መጠን አግኝተዋል። ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ ስለሚመገብ በእሱ ላይ መጠኑ ዝቅተኛ ነው። ነፍሰ ጡር ሴቶችና ሕፃናት ትልቅ ቢልጫ ደጋግመው ባይበሉ ይመረጣል፤ ሆቴሎችም በዝርዝራቸው ላይ ይህን ቢጽፉ ነውር የለበትም። ከአርባ ምንጭ ወይም ከዝዋይ የመጣ ዓሣ መግዛት ደግሞ ችግሩን ወደ ሌላ ሐይቅ ማሻገር እንዳይሆን ልኩ እዚያም ይለካ፣ የመጣበት ሐይቅም ይጻፍ።

ጥሬ ዓሣ ለሚያቀርቡ ቤቶች አንድ ነገር እንጨምር። በሀዋሳ ዓሦች ውስጥ ኮንትራሲከም የሚባል ትል ይገኛል፤ ሎሚም ዳጣም አይገድለውም። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን ማቆየት ይገድለዋል።

ሁለት ክልል፣ አንድ ሐይቅ

አራት ወይም አምስት ትልልቅ ሆቴሎች ልክ መጠየቅ ቢጀምሩ ትንንሹ ዓሣ ወደ ሌላው ገበያ መፍሰሱ አይቀርም። ይህን መካድ አይገባም። የሚያቃልለው ትልልቆቹን ገዢዎች በአንድ ወር፣ በአንድ ልክ ማስጀመር ነው፤ አንዱ 22፣ ሌላው 20 ካለ አስጋሪው የሚከተለው ዝቅተኛውን ነው። ከዚያ ቀጥሎ አሞራ ገደል ላይ ለሚፈልጡት ወጣቶች በኪሎ ፊሌቶ ሳይሆን በዓሣ ቁጥር የመፈለጫ ክፍያ መክፈል ይቻላል፤ ዓሣው ከመፈለጡ በፊት እንዲቆጠርና ቁመቱ እንዲመዘገብ የሚያደርግ ርካሹ መንገድ እሱ ነው።

ሐይቁ የሲዳማም የኦሮሚያም ነው። በአንዱ ዳር የተከለከለ መረብ በሌላው ዳር ሊጣል፣ በአንዱ በኩል የተያዘውም በሌላው ሊወርድ ይችላል። የሆቴሎቹ መዝገብ ላይ «የወረደበት ቦታ» የሚል ዓምድ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ዓሣው ከጥቁር ውሃ በኩል ይሁን ከአሞራ ገደል ወይም ከምዕራቡ ዳር፣ ትንንሹ ከየት እንደሚበዛ በሦስት ወር ውስጥ ይለያል። መዝገቡን አጠናቅሮ፣ የሆቴሎቹን ስም አውጥቶ፣ አማካይ ቁመቱን፣ ከ22 በታች የሆነውን ድርሻና ዕንቁላል የያዙትን ብዛት በአንድ ገጽ ማስቀመጥ የአስተባባሪው ድርጅት ሥራ ነው። ያ ገጽ በየሦስት ወሩ ለሁለቱም ክልሎች የዓሣ ሀብት ባለሙያዎች በአንድ ቀን ይላክ፣ ለአስጋሪ ማኅበራቱም በቃል ይነበብላቸው።